በአርባ ሜትር ርቀት

ሰው ከሰው የሚዋደደው አብዛኛውን ጊዜ ተቀራርቦ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ። እነዚህ ሁለቱ ግን የተዋደዱት በመካከላቸው አርባ ሜትር አስቀምጠው፣ ያውም እሷ እሱን ተዘቅዝቆ እያየችው ነው።

እሷ የአንድ አናጢ ሦስተኛ ልጅ፣ የምህንድስና ተማሪ ነበረች። ዩኒቨርሲቲዋ ለአንድ ሴሚስተር አውሮፓ ከሚልካቸው ጥቂት ተማሪዎች አንዷ ሆና ስትመረጥ፣ አባቷ ለሠፈሩ ሁሉ «ልጄ የሰው አገር መሬት ልትለካ ነው» ብለው አወሩ። ለእሷ ግን ሻንጣዋን እያሰሩላት የነገሯት ሌላ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲው ያለሽን ሰምተሻል። አንዱን ትምህርት ከወደቅሽ ሴሚስተሩ አይያዝልሽም፤ ዓመቱን ትደግሚያለሽ። አደራ፣ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ።»

በደረሰች ቀን የተማሪዎች ማደሪያው መግቢያ ላይ ግራ ተጋብታ ቆመች። የክፍሏ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በእጇ ነው፤ ሕንፃው ግን አራት በርና አራት ደረጃ አለው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት አንድ ረጅም ልጅ ቆሞ ያነባል። በሰው ቋንቋ፣ ቃል በቃል እየለቀመች ጠየቀችው። እሱም ቃል በቃል እየለቀመ መለሰላት። አልገባትም። ደግማ ጠየቀችው። በእጁ፣ በክርኑ፣ በመጨረሻም በአገጩ አቅጣጫ አሳያት። በዚያ ብርድ ሁለቱም አላባቸው። በዚህ መሐል የሻንጣዋ እጀታ ተበጠሰና ሻንጣው እግሯ ላይ ወደቀ።

«ወይኔ እናቴ» አለች።

ረጅሙ ልጅ አፍጥጦ አያት። «ምነው ከመጀመሪያው እንዲህ ብትይ ኖሮ? አገጬ እስኪገነጠል ድረስ...»

ሳቃቸው ደረጃውን ሞላው። ለካ የአገሯ ልጅ ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሴሚስተር የመጣ፣ እሱም የምህንድስና ተማሪ። ሻንጣዋን ትከሻው ላይ ጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወጣላትና፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግንባሩ ከመቃኑ ጋር ተላተመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምሰሶው» አለችው። እሱም በአንድ ዓመት እንደምታንሰው እያወቀ «እትዬ» ይላት ጀመር።

የቅየሳ መምህራቸው ጡረታ አፋፍ ላይ የደረሱ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሽማግሌ ነበሩ። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ሲመድቡ ሁለቱ አንድ ላይ ወደቁ። ሥራው ይህ ነበር፤ ከድንጋይ ድልድዩ ሥር ከተመታችው የነሐስ ምስማር ተነስተው፣ በቦዩ ዳር የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ እየለኩ ሠፈሩን ዞረው፣ እዚያችው ምስማር ላይ መመለስ። የወጡትና የወረዱት ተቻችሎ ዜሮ መምጣት አለበት። ምስማሯ እንደሆነች ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

አሠራሩ ቀላል ነው። እሱ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ድንጋይ ላይ አቁሞ ይይዛል፤ እሷ አርባ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሦስት እግር በቆመው መነጽር ታነባለች። ከዚያ መነጽሩን ተሸክማ እሱን አልፋ ወደፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። አዲሱ ቦታ ላይ ተተክላ ደግማ ስታነበው ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ታወርዳለች። «አንብቤሃለሁ፣ ሂድ» ማለት ነው። ያኔ እሱ ያልፋል፣ እሷ ትቆማለች።

«አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቆማል» አሉ መምህሩ። «ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሳችሁ ሥራው ጠፋ። ሌላ ምሥጢር የለውም።»

መነጽሩ ከመምህሩ በዕድሜ ባያንስ ነው፤ ነገርን ሁሉ ዘቅዝቆ ያሳያል። ምሰሶውን ስታየው እግሩ ሰማይ፣ ራሱ መሬት ነው። ቁጥሩን ስትፈልግ መጀመሪያ ጫማውን፣ ከዚያ ኮቱን፣ ከዚያ ፊቱን ታገኛለች። ፊቱ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቁጥሩን ለመፈለግ ያን ያህል አትቸኩልም። እሱ አያውቅም፤ በአርባ ሜትር ርቀት ማን ያየኛል ብሎ ያፏጫል፣ ለዳክዬዎቹ ያወራል።

«ስትስቅ በመነጽሩ ያኮረፍክ ትመስላለህ» አለችው አንድ ቀን፣ የቦዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦ እየተካፈሉ።

«እና ስስቅ ታይኛለሽ ማለት ነው?»

«ዘንጉን ሳይ መሐል ትገባብኛለህ። እንዲያው ነገርኩህ።»

ከሰዓት በኋላ መነጽሩን አስተካክላ ስታይ፣ ምሰሶው የከንፈሩን ጫፎች ወደታች ጎትቶ፣ ፊቱን ከል እንደለበሰ ሰው አጨፍግጎ ቆሟል። በመነጽሩ ውስጥ ግን አፉ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚስቅ ሰው ታየ። አላፊ አግዳሚው «ይኼን ሰው ምን አገኘው» እያለ ሲያልፍ፣ እሷ መነጽሩ ላይ ተደፍታ በሳቅ ተንከተከተች። ያቺን ቁጥር ሦስት ጊዜ ማንበብ አስፈለጋት።

ብርዱ ጠና። አንድ ጠዋት እጇን ቆፈን ያዘውና የመነጽሩን ብሎኖች ማዞር አቃታት። ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስታሞቅባቸው ቆይታ ቀና ስትል፣ ምሰሶው ዘንጉን ተሸክሞ አጠገቧ ቆሟል። ቀይ የሱፍ ጓንቱን አወለቀና አንድ በአንድ አጠለቀላት። ጓንቱ ከነሙቀቱ ነበር።

«ድንጋይህን ትተህ መጣህ?»

«በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ» አለ ጫማዋን እያየ፣ ተመልሶም ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ምስማሯ ላይ ደርሰው ሲደምሩ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ጎደለ።

«የሚሊ ሜትር ስሕተት የመሣሪያ ነው» አሉ መምህሩ ደብተሩን እየመለሱ። «አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ግን የሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ትክክለኛውን ካላመጣችሁ ማለፊያ አልሰጥም።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ክፍሉ ሁሉ በአውቶቡስ ባሕር ሊያይ ይሄዳል። እሷ ባሕር አይታ አታውቅም፤ መቀመጫዋን ከወር በፊት ነው የያዘችው። ሐሙስን ሙሉ ስትደምር ዋለች። ከላይ ወደታች፣ ከታች ወደላይ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ያን ሰው ስመለከት ነው ያጠፋሁት አለች በልቧ። የአባቷ «ባዶ እጅሽን» ጆሮዋ ላይ ያቃጭላል።

ዓርብ ምሳ ሰዓት የማደሪያው ወጥ ቤት ውስጥ ደብተሩን ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ ምሰሶው ገባ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደገባ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«አትደምሪ» አለ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም። ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ምልክት አላደረግሁም። ስመለስ ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ መሰሉኝ፤ አንዱ ላይ ቆምኩ።»

እርሳሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «አድርጌያለሁ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ስረግም እያየኸኝ ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ፣ ታዲያ ጠመኔ በኪስህ እያለ ለምን ረሳህ ትይኛለሽ ብዬ።»

«ለምን ረሳህ?»

ጀበና የሚያህለው የውሃ ማፍያ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ ማንም አላወረደውም።

«እጅሽን አየሁት» አለ በመጨረሻ። «አርባ ሜትር ርቄ ጣትሽን ስታሞቂ አየሁ። ከዚያ በኋላ ድንጋይም ጠመኔም ትዝ አላለኝም። እንዲህ ነው ብዬ ለመናገር ደግሞ ሌላውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሱን ፈራሁ።»

ግን ንዴቷ ቀደመ። «ልትለኝ የፈለግከውን በውሸት ጀመርከው» አለችው፤ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ጓደኞቿን ይዞ ሄደ። እሷ መነጽሩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ብቻዋን ወደ ድልድዩ ወረደች፤ ዘንግ ያዥ ከየት እንደምታመጣ እንኳ አላሰበችም። ምሰሶው ምስማሯ ላይ ዘንጉን ተክሎ ቆሞ አገኘችው። ኮቱ ላይ አመዳይ አርፎበታል። መቼ እንደመጣ አልጠየቀችውም።

በዝምታ ሠሩ። ምሰሶው በቆመበት ድንጋይ ሁሉ ትሪ የሚያህል ክብ በጠመኔ ያሰምራል፤ አፍንጫው ሳይቀር ነጭ ሆኗል። የቦዩን ዳር የሚጠርገው ሰውዬ መጥረጊያውን ተደግፎ በብስጭት ሲያየው፣ በምልክት «አጸዳዋለሁ» ብሎ ማለለት።

ያ የጓንቱ ቦታ ላይ ሲደርሱ እሱን አልፋ ሄደች፣ መነጽሩን ተከለች፣ አጎንብሳ አየች። ጫማው፣ ኮቱ፣ ፊቱ። አልሳቀም፣ አላኮረፈም። ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይጠብቃል። ከቆመበት ድንጋይ አንድ ፀጉር ያህል አልተነቃነቀም። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ ቀዩ ጓንት ግን ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ በኩርፊያ አልለበሰችውም።

ቁጥሩን ጻፈች። እጇን ልታነሳ ስትል ቆም አለች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጓንቱን አጠለቀች፣ ከዚያ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ከወትሮው ቆየት አድርጋ አወረደች።

በአርባ ሜትር ርቀት ቀይ ጥሩ ይታያል። ወደ መነጽሩ ስትመለስ፣ ምሰሶው የከንፈሩን ጫፎች ወደታች ጎትቷል፤ በዕድሜው እንደዚያ አኩርፎ አያውቅም።

እሑድ አመሻሽ ምስማሯ ላይ ሲደርሱ የጎደለው ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር። ሰኞ መምህሩ አዩትና ደብተሩን ዘጉ። «ይኼ የመሣሪያ ነው» አሉ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ረጅሙን ልጅ፣ አንዴ ቀዩን ጓንት አዩ።

ፈተና ሲያልቅ ሁለቱ ብቻቸውን በባቡር ባሕር ሊያዩ ሄዱ። ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸው መውረጃቸውን አለፉት። ሲነቁ ትኬት የሚያየው ሰው መለዮው ተለውጧል፤ ለካ ድንበር ተሻግረዋል።

«እትዬ፣ ሌላ አገር ገብተናል» አለ ምሰሶው በሹክሹክታ።

«ስንት አገር እንዳየሁ አባቴ ቢጠይቀኝ ይኼኛውን ልቁጠረው?»

«ተኝተሽም ቢሆን ረግጠሽዋል።»

ተመልሰው ባሕሩ ዳር የደረሱት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ነው። ከዳር እስከ ዳር ውሃ። ማዕበሉ እየመጣ ጫማቸውን ነካ አድርጎ ይመለሳል።

«ይኼ ነው ዜሮ» አለ ምሰሶው። «ተራራው ሁሉ፣ ቤታችንም ጭምር፣ ከፍታው የሚቆጠረው ከዚህ ነው።»

«እና?»

«እና ከዚህ እንጀምር ልልሽ ነው።»

ክንዱን ያዘችው፤ እሱም መልሱ ገባው።

አገር ሲመለሱ ከተማቸው የተለያየ ነበር። አንድ ዓመት በደብዳቤ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ምሰሶው አናጢው ቤት መጣና፣ እንደልማዱ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር አላትሞ ገባ። አባቷ የሠሩት በር ነበር፤ ትንሽ አፈሩ።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉት።

«ልጅዎ ስትለካ ዘንግ እይዛለሁ።»

«ሳትነቃነቅ?»

«አንዴ ተነቃንቄ ነበር፣ አባባ። ከዚያ ወዲህ አልደገምኩም።»

አናጢው ሳቁ። ከሠርጉ በፊት ያንን መቃን አፍርሰው አንድ ክንድ ከፍ አደረጉት።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ። መንገድ ሥራ ሲወስደው እሷ ልጃቸውን ይዛ ቆመች፤ እሷ ለትምህርት ስትሄድ እሱ ቆመ። ቤታቸው ውስጥ ጠብ ሲነሳ እንኳ አንዳቸው «አሁን የማን ተራ ነው?» ካለ ያበቃ ነበር። አንድም ቀን ሁለቱም ባንድ ጊዜ አልተንቀሳቀሱም።

በመጨረሻው ሰሞን ምሰሶው ታሞ ሆስፒታል ተኛ፤ መናገርም አቃተው። አልጋው አጥሮት እግሩ ተርፏል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ክፍሉን ሞልታው ሳለ፣ ዐይኑ በዐይኗ ላይ ቆየ፤ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። ገባት። ከወንበሯ ተነስታ መስኮቱ ድረስ ሄደች፣ ዞራ አየችው፣ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ቀስ ብላ አወረደች።

የከንፈሩ ጫፎች ወደታች ተጎተቱ።

«አመማቸው መሰለኝ» አለች ነርሷ ደንግጣ።

«አይደለም፣ ልጄ» አለች እሷ። «እየሳቀ ነው።»

ከወራት በኋላ ልጃቸው መጥታ «እማዬ፣ ይኼን ቤት ዝጊውና እኛ ጋ ነይ» አለቻት።

«እመጣለሁ፤ አሁን ግን አይደለም። አባትሽ በተራው መነጽሩን ይዞ አልፎ ሄዷል። ተተክሎ እስኪያነበኝ መቆም የኔ ተራ ነው።»

ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ገባች። እሷ በረንዳው ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ብቻዋን ቀረች። ቀዩ ጓንት ጭኗ ላይ ነው። ቀና ብላ ሩቅ አየች፤ ከአርባ ሜትር ትንሽ ያልፍ ይሆናል። ከዚያ፣ ምናልባት ቢያያት ብላ፣ የከንፈሯን ጫፎች ወደታች ጎተተች።