«አይረብሹ» የሚለው ካርድ

ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ በሰበሰባቸው አሮጌ የሆቴል ቁልፎችና የሻንጣ መለያዎች መካከል ተኝቷል። ከጠረጴዛው እስከ በሩ ድረስ በደረቱ የተሳበበት የደም መስመር አለ። ከበሩ ውጭ፣ እጀታው ላይ፣ «እባክዎ አይረብሹ» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል።

እህቱ ሳሎን ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት የሆቴል መኝታ ክፍል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጠዋት የሰማችውን ለማንም አልተናገረችም።

ጠዋት ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቀትር ላይ በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሌላው ቁልፍ ሊለዋወጥ መጥቶ የሄደው ሽማግሌ ነው፤ እሱም እንደ ሟቹ የሆቴል ዕቃ ሰብሳቢ ነው። የፖሊስ መርማሪ መጥቶ ሲጠይቅ ታናሽየው ጣቱን ሽማግሌው ላይ ቀሰረ። ሁለቱ ሰብሳቢዎች በአንድ የሻንጣ መለያ ሲናቆሩ ዓመታት እንዳለፉ አገር ያውቃል አለ።

ሽማግሌው ተጠርቶ ሲመጣ ካርዱን አይቶ ራሱን ያዘ። ድሮ ከፈረሰ አንድ ሆቴል የተረፈው ካርድ ይሄ አንድ ብቻ ነው፤ ሟቹም በወረንጦ እንጂ በጣቱ ነክቶት አያውቅም ነበር። አሁን ቀዳዳው ተተርትሯል።

መርማሪው ወደ እህትየዋ ዞረ። «እትዬ፣ ምንም አልሰሙም?»

«ኧረ ምንም» አለች።

«እሷማ ካርድ ካየች ቤቱ ቢቃጠልም በር አትነካ» አለ ታናሽየው፣ እንደ ልማዱ ሊያሾፍባት።

መርማሪው ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጣቸው።

«ካርድ እጀታ ላይ ጎትቶ የሚተረትር ሰብሳቢ የለም። ስለዚህ ሟቹም አልሰቀሉትም፣ እኚህም አባት አልሰቀሉትም። የሰቀለው እትዬ እንዳይገቡ የፈለገ ሰው ነው። ሌላውን ሰው ካርድ አያስቆመውም። እሳቸውን እንደሚያስቆማቸው የሚያውቅ ማን ነው? ይኸው አሁን በገዛ አፍህ ነገርከኝ።»

ታናሽየው አቀረቀረ። ሚስት ላመጣበት ነው፣ ይሄን ቁርጥራጭ ወረቀት ከክፍሉ አውጣልኝ ብሎ ታላቁን ለምኖት ነበር። እምቢ ሲለው ገፈተረው፤ ታላቁም በጠረጴዛው ጠርዝ ተፈነከተ።

«ካርዱን የሰቀልኩት ያኔውኑ የሞተ መስሎኝ ነው» አለ።

«አልሞተም» አለች እህትየዋ። «ፎጣ እያጠፍኩ በሩን ሲቧጥጥ ሰማሁት። ሁለቴ። መጣሁ፣ ካርዱን አየሁ፣ ተመለስኩ። ወንድሜን ገደልኩት።»

መርማሪው በዚህ ነገር ሕግ እንደማይጠይቃት በለሆሳስ ነገራት። እሷ ተነስታ ወደ ክፍሉ ሄደች። ካርዱ ከእጀታው ላይ ተነስቷል፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ነው። ቆማ አንኳኳች።