የአርባ ደቂቃው ምስክር

ቨርነን ሃች በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ድርጅቱ ዕቃ ቤት ተገደለ። የራስ ቅሉ ሦስት ቦታ በመዶሻ ተፈርክሷል፤ ደሙ በበሩ ሥር አልፎ ኮሪደሩን አረስርሶታል።

መዶሻው የታናሽ ወንድሙ የአርሎ ነው። አርሎ የድርጅቱን ኮምፒውተሮች ይጠግናል፤ ጠዋት ከወንድሙ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል፣ በምሳ ሰዓትም ብቻውን ነበር። የሳንታ ክላራ ፖሊሶች ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ? አፍንጫውን በቡጢ አድምተው በካቴና ጠፈሩት። በ1984 ካሊፎርኒያ ደግሞ እንዲህ ያለው ክስ እስከ ሞት ያደርሳል።

መርማሪ ሩት ሃማዳ ግን ጥድፊያ አትወድም። መጀመሪያ የድርጅቱን ጸሐፊ ሎርናን ጠየቀች።

«ምሳ ስትወጪ ማን ነበር?»

«ድዋይት። ስድስት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙን ኮምፓይል ማድረግ፣ ያው ወደ ማሽኑ ቋንቋ መለወጥ፣ ሲጀምር ትቼው ወጣሁ። ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ስመለስ ጨርሶ ነበር።»

ፕሮግራም ጸሐፊው ድዋይት ፔልቲየር ፈገግ አለ።

«አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ እመቤቴ። ማሽኑ ሚሞሪው ትንሽ ነው፤ ይሄን ዲስክ አውጣ፣ ያንን አስገባ እያለ ይጨቀጭቃል። ለሽንት ብነሳ ቀጥ ይላል። እንኳን ሰው ልገድል ሳንድዊቼንም አልበላሁ!»

«እውነቱን ነው» አለ አርሎ፣ ደሙን በትከሻው እየጠረገ። «ያ ማሽን ሞግዚት ይፈልጋል።»

የዋህ! አንገቱ ገመድ ውስጥ ገብቶም እውነት ይናገራል።

«ድዋይት፣ ዛሬ ማሽኑን አጥፍተኸዋል?» አለች ሃማዳ።

«ሎርና ጠዋት ካበራችው ወዲህ አልጠፋም» አለ ድዋይት።

ሃማዳ ማሽኑ ፊት ለብቻዋ ሩብ ሰዓት ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሎርና፣ ማሽኖቹን ስታበሪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቀኑንና ሰዓቱን እጽፍላቸዋለሁ። ከጠፉ ይረሱታላ! እነዚህ ወንዶች እንደሆኑ ዝም ብለው ቁልፍ ተጭነው ነው የሚያልፉት።»

«ቀኑ ካልተጻፈለት ማሽኑ ከጥር አንድ 1980 እኩለ ሌሊት ይጀምራል። አሁን ይህን እዩ። ድዋይት ዛሬ የሠራው ፕሮግራም የተጻፈበት ጊዜ፦ ጥር አንድ 1980፣ ከእኩለ ሌሊት ስድስት ደቂቃ አልፎ። ስለዚህ ማሽኑ በምሳ ሰዓት ጠፍቶ በርቷል። ሥራውም ከበራ በስድስት ደቂቃ አልቋል። ለምን ጠፋ? ክዳኑን ከፈትኩት።»

አረንጓዴ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አርሎ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይሄ ሚሞሪ ነው! እኛ ጋ እንዲህ ያለ የለም!»

«ሎርና ስትወጣ ድዋይት አስገባው። ዲስኮቹ ሁሉ ሚሞሪው ላይ ተገለበጡ፤ ማሽኑ ሞግዚት ሳይፈልግ ሲሠራ፣ ሞግዚቱ መዶሻ አንስቶ ዕቃ ቤት ገባ። ከልማዱ የተነሳ ግን ቀኑን ሳይጽፍ ቁልፉን ተጭኖ አለፈ።»

ድዋይት ጠመንጃ መፍቻ መዝዞ ዘለለባት። ክንዷን ወጋት። እሷም ያን ዘመን እንደ ብረት ይከብድ የነበረውን ኪቦርድ አንስታ አገጩን አለችው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ!» አለ ደም እየተፋ። «ቨርነን ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈበት! በሦስተኛው ምት ነው ዝም ያለው!»

አርሎ ካቴናው ሲፈታለት ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አልመታም። ፖሊሱን ቀና ብሎ አየው።

«አሁን ወንድሜ አጠገብ መሄድ እችላለሁ?» አለ።