የሦስት ቀን ፈቃድ

ጽገወይኒ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስታንኳኳ፣ ዘነበች የአሠሪዋን የሲኞራ ኒቬስን ቁርስ እያቀረበች ነበር። እንግዳዋን በዓይን ታውቃታለች። ኤርትራዊት ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው በፖሊስ ምርመራ ክፍል ዓመታት ሠርታ፣ አሁን ለሮም ፖሊስና ፍርድ ቤት ታስተረጉማለች።

«ወንድምሽን ትንሽ አሞታል። ልብስሽን ልበሺና እንሂድ» አለቻት።

ዘነበች ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም። ከጠየቀች መልስ ይመጣል። ፈቃድ ልትለምን ወደ አሮጊቷ ስትዞር ሲኞራ ኒቬስ ቀድማ እጇን ያዘቻት።

«ሂጂ ልጄ፤ ሦስቱንም ቀን ሂጂ። ሰውዬው ነግሮኛል።»

«የቱ ሰውዬ?» ያለችው ጽገወይኒ ናት።

«ትናንት የደወለው ነዋ፣ የማታው ዜና ሳይጀምር። በዚህ በቤቱ ስልክ። ጣልያንኛው ከእኔ ይሻላል፤ ስሙን ግን አልነገረኝም። ዘነበች ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን ፈቃድ ያስፈልጋታል አለኝ።»

ዘነበች የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ለታመመ ሰው ግማሽ ቀን ነው የሚለመነው። ሦስት ቀን ምን እንደሆነ ታውቃለች። ጽገወይኒ ዓይኗን ከስልኩ ላይ ነቅላ ወደ እሷ አየችና ቶሎ መለስ አደረገችው።

ከፒያሳ ቪቶሪዮ ወደ ፒኜቶ በሚሄደው ትራም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ትናንት ደመራው ላይ እነዚያ ሽጉጥ የሚታጠቁት ሦስቱ ነበሩ» አለች ጽገወይኒ።

«መቼ ቀርተው ያውቃሉ፣ እትዬ? ክርስትና ቢሆን፣ የማኅበር ስብሰባ ቢሆን፣ ወገባቸው ላይ ነው። መብታችን ነው ይላሉ። ሕፃናት አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ፖርቶ ዳርሚያቸው፣ የመሣሪያ ፈቃዳቸው እኮ የተኩስ ስፖርት ነው፤ ባዶውን ቆልፈው ወደ መለማመጃው ይወስዱበታል እንጂ ድግስ ላይ አያስታጥቅም። ወንድሜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነውና ሕጉን አንብቦላቸዋል። እስከ ሰኞ ካልተዋችሁ ለፖሊስ አመለክታለሁ ብሏቸዋል።»

«ምን አሉ?»

«ቅድሳን ሰው ፊት ዛተበት፤ እሱ አፉ ብቻ ነው። ተኪኤ ዝም አለ። ጋሼ ከፍያለው ሳቁ። የጣልያኖቹ የመሣሪያ መብት ማኅበር ቃል አቀባዩ ሊያደርጋቸው ነው፣ አሁን ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ይህን ሥራ ያገኙልኝ፣ ከሲኞራ ጋር በስልክ የተነጋገሩልኝ እሳቸው ናቸው።»

ጽገወይኒ ወደ እሷ ዞረች። «ወንድምሽ በጥይት ተመትቷል። ሰላሙን ይዘውታል።»

«ሰላሙን? በር የሚጠብቀውን? ወንድሜ ስደተኛው ከሚጠለልበት ከሰላም ፓላስ አምጥቶ እንደ ልጁ የያዘውን? በሚቀጥለው ሳምንት እኮ ለጥገኝነቱ ኮሚሲዮኔ ፊት ይቀርባል!»

«ሽጉጡ ላይ የጣት አሻራው አለ። ተጠርጣሪ ሆኖ ከቀረበ ጥገኝነቱን እርሺው። ዛሬ ማስለቀቅ አለብኝ፤ አንቺም ታግዢኛለሽ። ከኔ ጋር ቁጭ በዪ፣ ምንም አትናገሪ።»

የማኅበሩ አዳራሽ ገና አልተጠረገም። የፖሊስ አዛዡ ኮሚሳርዮ ጥያቄውን በአማርኛ እንድታካሂድ ለጽገወይኒ ፈቅዶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጽገወይኒ ዕቃ ቤቱን ለዘነበች ከደጅ አሳየቻት፤ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ፖሊስ በጠመኔ ያሰመረው ምልክት። ዘነበች ጠመኔውን ላለማየት ቁልፉን አየች፤ ሳይሰበር በቁም ሣጥኑ ላይ ተሰክቷል።

ትናንት የሆነው ይህ ነው። ወንድሟ ገዛኸኝ ሦስቱን በር ላይ አቁሞ፣ አገር ቤት እንግዳ መሣሪያውን ለቤቱ ባለቤት ሰጥቶ ነው የሚገባው ብሎ፣ ሽጉጣችሁን ስጡኝ አላቸው። የጥይት ካዝናቸውን ነቅለው በኪሳቸው አስቀሩና ባዶ ሽጉጦቹን ሰጡ። ሰላሙ ተሸክሞ አስገባ፣ ገዛኸኝ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ደመራው ተለኩሶ ርችት ሲተኮስ ሁሉም ግቢ ውስጥ ነበር፤ ተኩሱን ከርችቱ የለየ የለም። ሰላሙ ሊቀ መንበሩን ፍለጋ ዕቃ ቤት ገብቶ ወድቆ አገኘው። የቅድሳን ሽጉጥ ካዝናው ተነቅሎ አጠገቡ ነበር፤ ሰላሙ ደንግጦ አነሣው። ፖሊስ ሲመጣ በእጁ ነበር።

ሦስቱ ተራ በተራ ገቡ። ቅድሳን ሳይቀመጥ ጀመረ።

«የኔ ሽጉጥ ነው፣ አዎ! እና? እጄ ላይ ቢኖር ማን ይነካው ነበር? ሰጥታችሁ ግቡ ያለው እሱ ነው። ሲሻለው እሱኑ ጠይቁት!»

«ካዝናህስ?» አለች ጽገወይኒ።

«ማታ ፖሊሶቹ ወስደዋል። ሙሉ ነው፣ ይቁጠሩት። ትርፍ ጥይት ፍለጋ ካልሲዬን ሳይቀር አራግፈዋል።»

ተኪኤ ዘነበችን ሲያይ አጎንብሶ ሰላም አላት። «የትኛው ሆስፒታል ነው? ደም ካስፈለገው እኔ አለሁ፤ ከዚህ ቀደም ሰጥቻለሁ።» የሱም ካዝና ሙሉ ሆኖ ተወስዷል፤ ኪሱም ተፈትሿል።

ከፍያለው ነጠላውን አስተካክሎ ተቀመጠ። «እግዜር ይማረው። ዘነቡ፣ አይዞሽ።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ካዝና የታለ?» አለች ጽገወይኒ።

«ቤት። እኔ ባዶውን ነው የምታጠቀው እመቤቴ። ነፃ ሰው መሆኔን ማሳያ ነው እንጂ ማንን ልተኩስበት?»

«ሦስቱ ሽጉጦች አንድ ዓይነት ናቸው?»

«እኔው መርጬ ነው ያስገዛኋቸው። አሎራ፣ ጨረስን?»

«አንድ ላይ እንጨርሳለን።»

ሦስቱንም በአንድ ረድፍ አስቀመጠች። ዘነበችን ከፊታቸው አደረገች።

«ቁም ሣጥኑ አልተሰበረም» ስትል ጀመረች። «ገዛኸኝ ራሱ ነው የከፈተው። ለማን ይከፍታል? ልሄድ ነው፣ ሽጉጤን ስጠኝ ላለው። ከሦስታችሁ ለአንዱ።»

«ሰላሙስ?» አለ ከፍያለው።

«ቁም ሣጥን የገባው ሽጉጥ ባዶ ነበር። ሰላሙ ካዝናም ጥይትም ከየት ያመጣል? የሦስታችሁ ሽጉጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያንዱ ካዝና ሌላው ላይ ይገባል። የቅድሳንና የተኪኤ ካዝና ሙሉ ነው፤ የጎደለውን የሚተኩበት ጥይት አልነበራቸውም። ካዝናውን ያላሳየ አንድ ሰው ነው የቀረው።»

ቅድሳን ቀስ ብሎ ወደ ከፍያለው ዞረ። «ጋሼ፣ በር ላይ ካዝናህን ስትነቅል አጠገብህ ነበርኩ እኮ።»

«ተሳስተሃል።»

«እኔም አይቻለሁ» አለ ተኪኤ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ሁለት ሰካራም ነው የምትሰሚው?» ከፍያለው ፈገግ አለ። «ይህ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም» አለች ጽገወይኒ። «ማስረጃው የእርስዎ ደግነት ነው። ትናንት ቁስለኛ ነው ብለን ሁላችሁንም ሸኘን። እውነቱን የምናውቀው ፖሊሶቹ፣ ሰላሙና እኔ ብቻ ነን። ሰላሙ ካገኘው ጊዜ ጀምሮ ከፖሊስ እጅ አልወጣም። ቅድሳን ሲሻለው ጠይቁት አለ። ተኪኤ ደም ልስጥ አለ። ግን ማታ፣ ዜናው ሳይጀምር፣ አንድ ሰው በጥሩ ጣልያንኛ ለሲኞራ ኒቬስ ደውሎ…»

አልጨረሰችውም። ዘነበች ተነሥታ ነበር።

«ሦስት ቀን ጠየቀልኝ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «የሲኞራን ቤት ስልክ ከአበሻ ሁለት ሰው ነው የሚያውቀው። አንዱ ወንድሜ ነው። ለምንድን ነው ሦስት ቀን የጠየቅክልኝ?»

ኮሚሳርዮው አማርኛው ሳይገባው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ያለ ፈቃድ ቀርተሽ… ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ ነው» አለ ከፍያለው። «አሮጊቷ ትጨክናለች። እኔ ነኝ ያስገባሁሽ።»

ተኪኤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እንግዲህ ልጠይቅህ» አለች ዘነበች። «ወንድሜ የት ነው? ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው አልነገረኝም። አንተ ንገረኝ።»

«ሞቷል።»

«ማን ገደለው?»

«ላስፈራራው ነበር ዘነቡ። ሰኞን እንዲተወው። በማርያም፣ ላስፈራራው ነበር!»

«የራስዎን ሽጉጥ ትተው የቅድሳንን ያነሡት ለማስፈራራት ነው?» አለች ጽገወይኒ። «አሻራዎ ሽጉጡ ላይ የሌለውስ ጣትዎን በነጠላ ስለጠቀለሉ አይደለም?»

ቅድሳን ተወርውሮ የከፍያለውን አንገት ሊይዝ ሲል ሁለት ፖሊሶች መሐል ገቡ፤ ከፍያለውን እጁን ጠምዝዘው ይዘውት ወጡ።

ከጠዋት ጀምሮ ታፍኖ የነበረው ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ። ዘነበች ደረቷን ስትመታ ጽገወይኒ ከኋላ አቀፈቻት፤ አስተርጓሚነቷም መርማሪነቷም ቀርቶ በትግርኛ አብራ አለቀሰች። የሰፈሩ ሰው ድምፅ ሰምቶ ገባ። ወንበሮች ተነሡ፣ ፍራሽ ተነጠፈ።

እኩለ ቀን ላይ ሰላሙ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ከኩዌስቱራ ተለቅቆ መጣ። ደጅ ቆመ። ሽጉጡን ያነሣበትን እጁን ከኋላው ደብቆ ነበር፤ የጣት አሻራ የወሰዱበት ቀለም አልለቀቀም። አንድ ሁለት ሰዎች አይተውት ዞር አሉ።

«እኔ እኮ ይተነፍስ እንደሆነ ብዬ…» አለ ከደጅ፣ «መጀመሪያ ሽጉጡን ከአጠገቡ ላርቅለት ብዬ ነው…»

ዘነበች ቀና አለች። ዓይኗ አብጦ በደንብ አያይም።

«ግባ» አለችው። «የመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥና ንገረኝ።»