ትይዩው ክንፍ

«ቀጭ» አለ። ድምፁ እርሳስ ሲሰበር ከሚሰማው አይበልጥም። ልጅቷ ግን ትራክተሯ ሥር በጀርባዋ እንደተንጋለለች ካቻቢቴውን ለቀቀችና ዓይኗን ጨፈነች። ምን እንደተሰበረ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አባቷ ጋራዥ ውስጥ እዚያው ናት፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቺንጋውን አወለቀች፣ ከዛገው ዳዶ ጋር ግማሽ ቀን ታገለች፣ ካምቢዮውን የሚያቀዘቅዘውን፣ ክንፎቹ የረገፉበትን አሮጌ ፋን አውጥታ ደህናውን ካምቢዮው አናት ላይ አስቀመጠች። የቀረው ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ ከፋኑ በላይ መግጠም ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ጠምሞ ገባ። አባቷ የእጁን ጀሶ ሊያስፈታ ወደ ሐኪም ቤት ሲወጣ፣ «ከጠመመ አውጥተሽ እንደገና አስገቢው። በካቻቢቴ እንዳትፈነቅይው፣ ፋኑ ፕላስቲክ ነው» ብሏት ነበር። ሰምታዋለች። ግን ትከሻዋ ዝሏል፣ ሰኞ ደግሞ የባዮሎጂ ፈተና አለባት፣ ገና አንድ ምዕራፍ እንኳ አልገለጠችም። አንዴ ብቻ ፈንቀል አደረገችው።

ከዐሥሩ ክንፎች አንዱ ደረቷ ላይ ወደቀ።

ትራክተሯ ሣር ማጨጃ ናት፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ በዕድሜ ከልጅቷ እናት የምትበልጥ። መለዋወጫዋን የሚሠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አባቷ ይህን ፋን ለማግኘት ሦስት ወር ስልክ ሲደውል ከረመ። በመጨረሻ ከብረታ ብረት ክምር ውስጥ ከሞተች የትራክተሯ እህት ላይ አገኘው፣ በግራ እጁ ብቻ ፈትቶም አመጣው። ሌላ የለም።

ታላቅ ወንድሟ ወዲያ ጥግ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። «ምን ሆንሽ?» አለ ቀና ሳይል።

«ሰበርኩት።»

«የቱን?»

«ሌላ የቱ አለ!»

መጥቶ ተንበረከከና በባትሪ አየ። «አንድ ክንፍ ነው፤ አታካብጂ። ትይዩውን ስበሪው።»

«አብደሃል?»

«አንዱ ብቻ ከጎደለ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ያሳብቅብሻል። ከፊት ለፊቱ ያለው አብሮ ከጎደለ ግን ሚዛኑን ይጠብቃል፤ እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው። ማን ክንፍ ይቆጥራል?»

«ማቀዝቀዙስ?»

«ስምንት ክንፍ ከምንም ይሻላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ደክሞኛል። ጨርሽውና እንዝጋ በቃ።»

ስምንት ክንፍ ለሜዳ ይበቃ ይሆናል። ይህቺ ትራክተር ግን የምታጭደው የልጅቷን ትምህርት ቤት ዳገት ነው። ካምቢዮዋ የሚሠራው በዘይት ነው፤ ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፣ ጉልበቷም ያልቃል፣ ዳገቱ መሃል ቀጥ ትላለች። የሚነዷት የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ያን ጊዜ ወርደው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። «ምን ሆነው ነው?» ሲባሉ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይብረድ ብዬ ነው።» ተማሪው «ጋሽ ይብረድ» የሚል ስም አውጥቶላቸው ሙድ ይይዝባቸዋል። ልጅቷ ራሷ አንድ ቀን አረማመዳቸውን አስመስላ ክፍሉን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም ፒንሳውን አነሳች፣ ደህናውን ክንፍ ያዘችና ሰበረችው። ሁለተኛው ድምፅ ስለጠበቀችው ይሁን አይታወቅም፣ ከመጀመሪያው በለጠባት።

ሞተሩን ስታስነሳው ምንም መንቀጥቀጥ የለም። ወንድሟ አውራ ጣቱን አሳያት። ደስ አላት፤ ከሁሉም ይልቅ በኋላ ያሳፈራት ይኸው ደስታ ነው።

አትክልተኛው ዐሥር ሰዓት ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«ዝም አለች እኮ! ዕድሜዋን ሙሉ ስታጉረመርም ኖራ…» ኮርቻው ላይ እንደሚወጣ ፈረሰኛ ዘለው ተቀመጡ። «አባትሽ የታለ?»

«ሐኪም ቤት ነው ጋሼ። አሁን ይመጣል።»

«አንቺ ነሽ የሠራሻት? እሰይ የኔ ልጅ! ዳይሬክተሩ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ሰኞ ሊያየኝ ነው። አሁንም ዳገቱ ላይ ከቆመች እሷ ለብረት፣ አንተ ለጡረታ አለኝ።» ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ እነዚያ ውርጋጦችም ሌላ ስም ይፈልጉልኝ።»

ስሙን እንደሚያውቁት አታውቅም ነበር። ፊቷ ጋለ። እሳቸው ማርሹን አስገብተው ወደ በሩ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ እግሯ ቀድሟት ትራክተሯ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ያጥፉት።»

«ምነው?»

«ፋኑ ሁለት ክንፍ ጎድሎታል። አንዱን ሳላስበው ሰበርኩት። ሁለተኛውን እንዳይታወቅ ብዬ፣ አውቄ ነው የሰበርኩት። ሰኞ ግማሽ ሰዓት ትሠራለች። ከዚያ እንደ ድሮዋ ትቆማለች።»

ወንድሟ ፓምፑ ላይ አቀረቀረ። ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉ።

«ዓይንሽ እያየ ልትሸኚኝ ነበር?»

«አዎ።»

ቢቆጧት በወደደች። እሳቸው ግን መሪው ላይ ደገፍ አሉ፤ ስትመለከታቸው ዛሬ ብቻ የደከማቸው ሰው አይመስሉም።

«ሰኞ ለዳይሬክተሩ ምን ልበለው?» አሉ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሌላ ፋን የለም፣ አባቷ ምን እንደሚያደርግም አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትችለው።

«እርስዎ ምንም አይበሉ። እኔ እነግረዋለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ፈተና አይደለም እንዴ ሰኞ?»

«ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው በር ላይ ይጠብቁኝ።»

«ሁለት ሰዓት ተማሪው ሁሉ ለሰልፍ ይወጣል። ከኔ ጋር ቆመሽ ያዩሻል» አሉ እየወረዱ። «ላንቺም ስም ያወጡልሻል።»

«ያውጡልኝ።»

እምነት ይጣልባት አይጣልባት እንደሚመዝን ሰው አይዋት። «እንዳትቀሪ» ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁና በእግራቸው ሄዱ።

ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ለአባባስ ምን ልትዪው ነው?»

ልጅቷ ሁለቱን ስባሪ ክንፎች ከወለሉ ላይ ለቀመችና ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከመንገዱ ጫፍ አባቷ ነጻ የወጣ እጁን እያጠፈና እየዘረጋ ሲመጣ አየችው። ገና ሩቅ ነበር። እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ ስባሪዎቹን እንደያዘች ተነስታ ወደሱ ሄደች።