የነጣው ብር

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ መባቻ፣ የራያን ሜዳ ገና ዝናብ አልነካውም ነበር፤ ከቆቦ እስከ ጎብዬ ያለው ማሳ ታርሶ ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር፤ መንገደኛውም ስለ ሰሜኑ ጦርነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር። የቆቦዋን የፊዚክስ መምህርት ትርሲትን ግን ወደ ጎብዬ ያመጣት ሌላ ጭንቀት ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ብር ጠጣር እንዳለ ምን ያህል መዳብ ሊያሟሟ እንደሚችል ነበር። የመዳብ አተም ከብር አተም ያንሳልና መዳቡ በገባ ቁጥር የአተሞቹ ርቀት በኤክስሬይ ሲለካ እየጠበበ ይሄዳል፤ ብሩ ከጠገበ በኋላ መጥበቡ ይቆማል። መዳባቸው ከአንዱ አንዱ የሚበልጥ ሰባት ቅይጦችን የጎብዬው አንጥረኛ ጋሽ አሕመዲን አቅልጠው ሰጥተዋት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ሲለኩ ግን ሰባቱም ንጹሕ ብር ሆነው ተገኙ። አማካሪዋም በዐሥር ቀን ውስጥ ትክክለኛ ናሙና ካላቀረበች ሥራውን ሐሰት ብለው ለትምህርት ክፍሉ እንደሚጽፉ ነገሯት።

አንጥረኛን «መዳቡን ጨምረዋል ወይ?» ማለት ሼሁን ሰግደዋል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ ቢሆንም ጠየቀች። ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ወላሂ፣ አንቺው መዝነሽ በሰጠሽኝ ልክ ጨምሬዋለሁ» አሉ። «ፊቱ ቀላ ብሎ ስላላማረኝ ግን አነጣሁልሽ፣ ልጄ። ሥራዬን ይዘሽ አዲስ አበባ ገብተሽ እንድታፍሪ አልፈለግሁም።»

ለአንገት ጌጥ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ብሩን አግለው በሎሚና በጨው ቀቅለውት ኖሯል፤ የላዩ መዳብ ታጥቦ ሄዶ ብር ብቻ ቀርቷል፤ ኤክስሬዩም ከዚያች ስስ ቆዳ አልፎ አልዘለቀም። ትርሲት ሞረድ ተውሳ አንዱን ፋቀችው፤ ሥሩ ቀላ። ሳቅም ዕንባም መጣባት፤ ጠርጥራቸው ነበርና አፈረች።

ሰባቱንም ሞርዳ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ርቀቱ ከቅይጥ ወደ ቅይጥ እየጠበበ ሄዶ አምስተኛው ላይ ቆመ፤ ስሟም ዳነ። በጽሑፏ ውስጥ ናሙናዎቹን ያቀለጡት ጋሽ አሕመዲን መሆናቸውን ጻፈች፤ አማካሪዋ ግን የአንጥረኛ ስም በሳይንስ ጽሑፍ አይገባም ብለው ሰረዙት። እሷም ዲግሪዋ እንዳይዘገይ ሰግታ ዝም አለች።

በሐምሌ ጦርነቱ ራያን አዳረሰ፤ ጋሽ አሕመዲንም ከዚያ ወዲህ በጎብዬ አልታዩም። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የተያዙትንና የተለቀቁትን ከተሞች ይዘረዝራሉ፤ የትርሲትም ጽሑፍ ሰባት ቁጥሮቹን ይዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የአንጥረኛው ስም ከሁለቱም ውስጥ የለም። የሰረዙት አማካሪዋ ናቸው፤ ዝም ያለችው ግን እሷ ናት፤ ይህንንም ታውቀዋለች።