የጎደሉት ሰባት ደቂቃዎች

«እምቢ አለ» አለች ምላጭ፣ ጥቁሩን ስክሪን ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ማነው እምቢ ያለው?» ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኮምፒውተሩ ነዋ፣ ቲቸር።»

«ተማሪ እምቢ ሲለኝ ወላጅ አስጠራለሁ። የዚህን ወላጅ ከየት ላምጣ?»

በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እስከ አምና ድረስ ደወሉን የሚደውሉት እሳቸው ነበሩ፤ የተንጠለጠለ ብረት በመዶሻ እየመቱ። «የኔ ብረት እኮ እምቢ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «መታ ስታደርጊው ይጮሃል። በቃ።»

ምላጭ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ያናገራት ሁሉ ይገባዋል። ኮድ መጻፍ ማንም አላስተማራትም። በተሰነጠቀ ስልክ ራሷን አስተምራ፣ የትምህርት ቤቱን ደወል የሚያስጮኸውን ፕሮግራም ጻፈች፤ የመጀመሪያው መስመር ላይም ስሟን ከነአያቷ አሰፈረች። ነገ ፈተና ይጀመራል። የደወሉ ሰዓት ዛሬ ለፈተናው ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ወደ ዕቃ ቤት፣ ዘበኛውም ወደ ብረታቸው ይመለሳሉ። እሷ ደግሞ ጠዋት ሰልፍ ላይ «አንዲት መስመር ትእዛዝ፣ አንድ ጊዜ እንተር፣ አለቀ!» ብላ ፎክራለች።

ማስተካከያውን ቤቷ ሆና በአንድ ፋይል አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ትእዛዙ ሲጻፍለት፣ ኮድ የሚያርመው መሣሪያ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም፣ መጀመሪያ ኮዱን ያበጥራል፤ ትርፍ ክፍተቱንና ማስታወሻውን ይለያል። ከዚያ የሚቀየረውን መስመር ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር አመሳክሮ አሮጌውን በአዲስ ይተካል። ጎረቤቶቹ ፋይሏ ከሚለው ሌላ ሆነው ካገኛቸው ግን ንክች አያደርገውም።

«ማውሱስ የታለ?» አሉ ምክትሉ።

«ይሄ ማውስ አይፈልግም፣ ቲቸር። በጽሑፍ ነው የሚታዘዘው።»

«ታዲያ ማውስ ከልክለሽው እምቢ ቢል ይፈረድበታል?»

ምላጭ ወደ መስኮቱ ዞረች። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ጓደኛዋ ፌንጣ። አንድ ቦታ ቆሞ የማያውቀው ፌንጣ አሁን መስኮቱ ሥር በሚስማር የተመታ መስሏል።

«ነክተኸዋል?» አለችው በሹክሹክታ።

«እኔ? እናቴ ትሙት!»

«እናትህ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ሞተዋል።»

መሣሪያው ያልተስማማበትን ቦታ ለብቻው ጽፎ አስቀምጦላት ነበር። ከፈተችው። እሷ አርባ ብላ የጻፈችው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ሆኗል። ቀጥሎ ያለው የሠላሳ ደቂቃ ዕረፍት ሠላሳ ሰባት። ፋይሉ ላይ ያለው ቀን እንደሚለው ኮዱ የተነካው ከሰባት ሳምንት በፊት ነው።

ዕረፍት ረዘመብኝ ብሎ አቤት የሚል ተማሪ ከየት ይመጣል? የጮኹት በየቀኑ በዚያ ሰዓት የሚያስተምሩት የሒሳብ መምህርቷ ብቻ ነበሩ። ምዕራፍ አይጨርሱም ተብለው በስብሰባ ላይ እንደተወቀሱ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ይሄ ደወል ቸኩሏል» ሲሉ ምላጭ ብድግ ብላ፣ «ቲቸር፣ ኮምፒውተር አይቸኩልም። የእርስዎ ሰዓት ባትሪ ጨርሶ እንዳይሆን» አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ ሰዓታቸውን ፈትተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ወዲህ አስረውት አላየችም።

ጆሮዋ ጋለ።

«ለአንድ ቀን ብዬ ነበር» አለ ፌንጣ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ከዚያ ጣፈጠኝ።»

«ጣፈጠኝ ይለኛል እንዴ!»

ሁለቱን ቁጥሮች ወደ ነበሩበት መለሰችና ትእዛዙን ደገመች። አሁን መሣሪያው ያለ ምንም ክርክር ተቀበላት።

«እሺ፣ ምን ነበር?» አሉ ምክትሉ።

«ቫይረስ ነው፣ ቲቸር!» ፌንጣ ቀደማት።

ምክትሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ይተላለፋል?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቧል፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። ስሟ ንጹሕ እንደሆነ ይቀራል።

«ቫይረስ አይደለም» አለች። «ደወሉ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከሒሳብ ላይ ሰባት ደቂቃ ሲቆርጥ ነበር። የሒሳብ ቲቸር ልክ ነበሩ።»

«ማነው የቆረጠው?»

ፌንጣ ጫማውን አየ። «ፕሮግራሙ የኔ ነው» አለች ምላጭ። «ሲነግሩኝ መፈተሽ ነበረብኝ።»

ምክትሉ አገጫቸውን አሹ። «እኔ እኮ በስብሰባ ላይ…» አሉና አልጨረሱትም። ወደ ዘበኛው ዞሩ። «ጋሼ፣ ለማንኛውም ያንን ብረት ለነገ ወልወል ያድርጉት።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስወለውለው ነው የዋልኩት።»

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ፌንጣ ሊያቅፋት ዘለለ። «አላጋለጥሽኝም!»

«ለምክትሉ አልተናገርኩም። ለእሳቸው ግን የምትናገረው አንተ ነህ።» በአገጯ ወደ መምህራን ክፍል አመለከተች። በመስኮቱ በኩል የሒሳብ መምህርቷ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ደብተር ሲያርሙ ይታያሉ።

«አሁን? አንቺው ንገሪያቸው፤ አፍ ያለሽ አንቺ!»

«ያንተን አልናገርልህም። የራሴ አለኝ።»

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። በልቧ አራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም «ግን» የሚል ነበረባቸው። አንድ በአንድ ጣለቻቸው። የቀረላት ይቅርታ አጭር ነበር። ፌንጣ ከኋላዋ ይኑር አይኑር ዞራ ሳታይ አንኳኳች።