ሦስት ጎሾች፣ ሁለት ልጆች

አባቴ «ልጆች ስንት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሁለት» አለ። እኛ እኮ አምስት ነን! እኔ ደግሞ የት ነበርኩ መሰላችሁ? እዚያው፣ ከእንግዳ ቤቱ መጋረጃ ኋላ፣ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ። ሻዩ ትሪው ላይ ተደፋብኝ። በሕይወት አለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ሻዩን ያፈላሁት ራሴ ነኝ፤ ግን የለሁም።

ቆይ፣ ተንደረደርኩ መሰለኝ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሀጅራን እባላለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሲንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከትልቁ ቦይ ዳር ነው። ታላቄ ባቻል ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ሱግራ፣ ከዚያ ሶማር፣ መጨረሻ ላይ ላሊ። ላሊ አራት ዓመቷ ነው፤ መቁጠር የተማረችው በቅርቡ ስለሆነ ያገኘችውን ሁሉ ትቆጥራለች። ዶሮ፣ ጫማ፣ የእማማን የእጅ አምባር፣ ምን የማትቆጥረው አለ። እኛን የምትቆጥረን በጣቶቿ ነው፤ አውራ ጣቷ ባቻል፣ ትንሿ ጣት ራሷ። ከጣቶቿ አንዱን አፈፍ አድርጋችሁ ከያዛችሁባት ጉድ ነው፤ «ሶማርን ልቀቁት» ብላ ታለቅሳለች።

እና ያን ቀን እንግዶች መጡ። ሁለት ሕዝብ ቆጣሪዎችና አንድ የከብት ሐኪም ናቸው፤ መሥሪያ ቤታቸው ለየቅል ነው፣ መኪና ግን ተጋርተው ነው የመጡት። መጀመሪያ የጠየቀው የከብት ሐኪሙ ነበር። ባባ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ ጎሾቹ ሲነሱለት እንዴት ደስ እንደሚለው! «ሦስት ናቸው» አለ፣ ስማቸውንም ጠራ፤ ሞቲ፣ ራኒ፣ ካሊ። የትኛዋ ስንት ሊትር እንደምትታለብ፣ የትኛዋ እንደምትራገጥ ሁሉ አወራ። ሐኪሙ ግቢው ውስጥ የሚፈነጨውን ወይፈን አሳይቶ «እሱስ?» ሲለው ባባ ሳቀ። «እሱማ ወንድ ነው፣ ምኑ ይቆጠራል?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሳቅሁ።

ከዚያ ቆጣሪው ስለ ልጆች ጠየቀ። «ሁለት» አለ ባባ፤ «ባቻልና ሶማር።»

ቆጣሪው ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ «ሴትስ?» እንኳን አላለም። አልፎ ስለ ጣሪያው ጠየቀ፤ ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ?

አስቡት እስቲ። እኛ ቤት ከጎሽ የምትቆጠረው ሴቷ ናት፣ ከልጅ የሚቆጠረው ወንዱ።

ሮጬ ለእማማ ነገርኳት። እማማ ሩዝ እየለቀመች ነበር፣ ቀናም አላለች። ሴት ልጅ ለሰው ቤት እንደምታድግ፣ ለባዕድ ወንድ ስሟ እንደማይነገር፣ ዓይን እንደሚያርፍባት፣ የእሷም አባት እንደዚሁ ይመልስ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ጨው አቀብዪኝ አለች። አለቀ።

እሺ፣ እኔም ረሳሁት። የሚያስከፋ ግን የሚያስቅም ነገር መሰለኝ። ለጓደኛዬ ለሸቢራን ነግሬያት ቦዩ ዳር ተንከትክተን ሳቅን። የእሷ አባት አጎቴ መሐር ነው፤ «የኔውም ያው ነው፤ እኛ ቤት አራት ሴቶች ነን፣ አንዳችንም የለንም» አለች።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ከቦዩ ማዶ ልጆች ታመሙ ተባለ። አዲ ዘይቡ፣ የጤና ሠራተኛዋ፣ በረዶ ያለበትን የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንግታ መጣች። እኛ አገር «አዲ» ማለት ታላቅ እህት ነው፤ እሷ የሁሉም አዲ ናት። እናቶች በሙሉ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡና ዛፉ ሥር ተሰለፉ። እና ማንም ሳያዝዝ ምን ሆነ? ወንዶቹ ወደ ፊት ተገፉ። እማማ ራሷ ሶማርን በትከሻው ይዛ ገፋችው። ሶማር ተወጋ፣ ጮኸ፣ ከረሜላ ተሰጠው። ላሊ ቀሚሴን ይዛ የተወጉትን ትቆጥራለች።

የእኛ ተራ ሲደርስ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

አዲ ዘይቡ እጇን ከትታ በረዶውን በረበረችው። ከዚያ የቆሙትን አየች። ከተሰለፉት መሃል የቀሩት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩ! አንድም ወንድ የለም። ፊቷ አመድ መሰለ። ሳጥኑ የሚሞላው በመንደሩ አሉ በተባሉት ልጆች ልክ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለምና ትርፍ እንደምታመጣ ነገረችን።

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። በቃ ክው አልኩ። ያ ሻይ፣ ያ ብስኩት፣ ያ «ሁለት» የሚለው ቃል ከባባ አፍ ወጥቶ፣ ከተማ ደርሶ፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተመለሰ። የሞቲ፣ የራኒና የካሊ መድኃኒት እኮ በሳምንቱ ሳይጎድል መጥቷል! ከአምስተኛ ክፍል በላይ ለእኛ ለሴቶች ክፍል የማይከፈትልንም ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሚማር ሴት ልጅ የለም ተብሎ ነው። አለን እኮ!

ማታ ለባባ ነገርኩት። ባባ ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ገበያ ሲሄድ ለላሊ ቀይ ሪባን ሳይገዛ አይመለስም። ጭንቅላቴን ዳሰሰና እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፣ ሴት ልጅ የቤት ክብር ናት። ክብር በባዕድ ፊት አይቆጠርም።» ቆንጆ አባባል ነው። ቆንጆ በመሆኑ ነው አፍ የሚያስይዘው።

አዲ ዘይቡ ሳትመለስ ላሊ ታመመች። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ ሰውነቷ በሙሉ ሽፍ አለ፣ ከዚያ ዓይኖቿ በመግል ተጣበቁ። መቁጠር አቆመች። ባባ በአጅራኩ፣ በዚያ በቀይና ሰማያዊ ነጠላው ጠቅልሎ አቀፋት፣ ባጃጅ ተሳፈርን፣ ከተማ ሆስፒታል ሄድን። ሱግራም ማተኮስ ስለጀመራት እማማ ከእሷ ጋር ቀረች፤ ላሊን የምታባብለው እኔ ሆንኩ።

ዶክተሯ የደከማት ሴት ናት። ላሊን ባባ ጭን ላይ እንዳለች መረመረቻት፣ ዓይኗን ከፍታ አየች። ከዚያ እቤት የቀሩትንም ማዳን ስላለባት ጠየቀች።

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት» አለ ባባ።

እውነቴን ነው! ላሊ ጭኑ ላይ ናት። ትኩሳቷ በልብሱ አልፎ እያቃጠለው ነው። አፉ ግን ብቻውን ሄደ።

ዶክተሯ ቀና አለች። «ይቺን ጨምሮ?»

ባባ ዓይኑን ጭኑ ላይ ወዳለችው ላሊ አወረደ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ ከአጅራኩ ውስጥ ትንሽ እጅ ወጣች። ላሊ ዓይኗ ተጣብቋል፣ ማንንም አታይም፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። ግን ባባ ቆጠራ ተሳሳተ፣ እሷ ደግሞ የተሳሳተ ቆጠራ ሰምታ ዝም አትልም።

«ባባ፣ አምስት ነን» አለች። በሌላው እጇ ጣቶቿን እየዳበሰች ጠራችን፤ ባቻል፣ ሀጅራን፣ ሱግራ፣ ሶማር። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ያዘቻት። «ይቺ እኔ ነኝ።»

ባባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ዶክተሯ በለሰለሰ ድምፅ፣ እቤት ያልተከተበ አለ ወይ አለችው። «ሱግራ አልተከተበችም» አለ። «ሀጅራንም አልተከተበችም። ይቺ ሀጅራን ናት።» በጣቱ አሳየኝ። ስሜን ለባዕድ ሰው ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሱግራ ቶሎ ዳነች። ላሊም ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ግራ ዓይኗ ግን ነጭ ሸፈነውና አልተመለሰም። አሁንም ትቆጥራለች፤ ነገሩን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ ነው።

ባባ አዲ ዘይቡ ጋ ራሱ ሄደ። ተቆጥቶ ነበር፤ መድኃኒቱን ለምን አሳነሳችሁ አላት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ በስሙ ጠራችው። «ወንድሜ ከሚሶ፣ ስንት ሰው እንደሚበላ ካልነገርካት ሚስትህ ስንት ሩዝ ትጥዳለች?» አለችው። ከዚያ ራሷንም አልማረችም። በየቤቱ ያሉትን ሴቶች ልጆች በስም ታውቃለች፤ የእሷ መሥሪያ ቤት ግን ከቆጣሪዎቹ መሥሪያ ቤት ጋር አይነጋገርም፣ እሷም ሄዳ ምን ጻፋችሁ ብላ አልጠየቀችም። የከብት ሐኪሙም ስንት ሴት ልጅ ሻይ ይዛ እንደምትመላለስ ያያል፤ የእሱ ጉዳይ ግን ጎሽ ነው። ይታያችሁ፣ ሁሉም ከእኛው ሻይ ጠጥተዋል፣ አንዱ ሌላውን አንዲት ቃል አልጠየቀም። በዚያ ክፍተት ነው የእህቴ ዓይን የወደቀው።

ታዲያ አዲ ዘይቡ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አለቆቿን አስቸግራ፣ የቆጣሪዎቹንም ቢሮ ደጅ ጠንታ፣ ዛሬ ከቆጣሪው ጋር አብራ መጣች። ቆጣሪው ከወንዶቹ ጋር እኛ እንግዳ ቤት ተቀመጠ፤ እሷ በየጓዳው ገባች። ማታ ሁለቱ ያገኙትን ያስተያያሉ። እንዲህ ቀላል ነው እኮ!

ባባ የመጀመሪያው ሆነ። በወንዶቹ ሁሉ ፊት ቆሞ አምስት አለና ስማችንን ጠራ። አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አጎቴ መሐር ግን ሳቀ። «ከሚሶ፣ ዛሬ ደግሞ የሴቶችህን ስም በአደባባይ ትጠራልን ጀመርክ?»

«የጎሾቼን ስም ስጠራ ስንት ዓመት ሰምተኸኛል» አለ ባባ። «አንድም ቀን አላፈርክልኝም።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የኔን አስተካክልልኝ፣ ሦስት ሴት አሉኝ» አሉ። ሌላውም ተከተለ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ልፈነዳ ነበር!

እናንተም ስሙኝ፣ አባቶች፣ ወንድሞች፣ ቆጣሪዎችም ጭምር። ክብር ናችሁ ካላችሁን ክብር ይቆጠራል። አለች ያልተባለች ልጅ ክትባት አይላክላትም፣ ክፍል አይከፈትላትም። እናንተም የምትጽፉት፣ ብስኩቱን አስቀምጡና «ሴትስ?» በሉ፤ ከጎናችሁ የተቀመጠውንም ምን እንዳየ ጠይቁት።

ግን ገና አላለቀም። የአጎቴ መሐር ተራ ሲደርስ «ሁለት» አለ። ሁለቱን ወንዶች። ወደ ቤቱ አዲ ዘይቡ ስትሄድ በሩ ተቆልፏል፤ ሴቶቹን ዘመድ ቤት ልኳቸዋል። ቆጣሪው ደግሞ ከቤቱ ሰው አፍ ካልሰማ አይጽፍም፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢናገር ግን ይበቃዋል። የሸቢራን ትንሿ እህት ገና መዳህ መጀመሯ ነው። ነገ ቁርስ በልተው ይሄዳሉ፣ ሳጥኑም በዚያው ልክ ይሞላል።

ሸቢራን ሕፃኗን አዝላ ከዘመድ ቤት አምልጣ መጣች። «ነገ ጠዋት ሕፃኗን ታቅፌ ከኋላሽ እቆማለሁ። አንቺ መጋረጃውን ብቻ ግለጪልኝ፣ እኔ እናገራለሁ» አለችኝ።

አጎቴ መሐር ለቁርስ እኛ ቤት ነው። እኛ አገር ደግሞ በገዛ ቤት የተቀመጠን እንግዳ ከማዋረድ የባሰ ነገር የለም። ባባም ዛሬ ወንዶቹ ሲወጡ «ማንም መሐርን በእኔ ጣሪያ ሥር እንዳያሳፍረው፤ ቀስ ብሎ ይገባዋል» ብሏል። ስሜን በሰው ፊት የጠራ አባቴ ነው ይሄን ያለው። ቀስ ብሎ እስኪገባው ግን ኩፍኙ አይጠብቅም፤ የላሊን ዓይን አልጠበቀም።

ትሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። እናንተ ብትሆኑ መጋረጃውን ትገልጡታላችሁ?